ስለ ፍራንክ ሲናትራ የቴሌቪዥን ኮንሰርቶች፦ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ልመናና አንድ እርማት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው እትማችሁ በኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ስለ ቀደምት የአሜሪካ ዘፋኞች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ፍራንክ ሲናትራ ሸክላዎች ያሰፈሩት ሁሉ የጠለቀና ያማረ ስለሆነ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። የቴሌቪዥን ኮንሰርቶቹን ግን በአንዲት አጭር አንቀጽ፣ ያውም ለቢራ ማስታወቂያ ሲባል የተሰናዱ የሰዓት መሙያዎች እንደነበሩ ገልጸው አልፈዋቸዋል። የዚህን ሰው ድምፅ የምንወድ ሰዎች እነዚያን ዝግጅቶች ከሸክላዎቹ እኩል፣ እኔ በበኩሌ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር አስበልጬ፣ የምናያቸው በመሆኑ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

የቢራው ነገር ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1965 በኤንቢሲ ጣቢያ የተላለፈውና «አንድ ሰውና ሙዚቃው» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው የመጀመሪያው ዝግጅት ስፖንሰር ቡድዋይዘር ነበር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያለ ስፖንሰር ብዙ የተራመደ የሙዚቃ ዝግጅት አልነበረም። ስለ ማስታወቂያ ክፋት ከተነሣ ደግሞ መነሣት ያለበት ሌላ ታሪክ ነው፤ ናት ኪንግ ኮል ከ1956 መጨረሻ እስከ 1957 መጨረሻ በዚያው በኤንቢሲ የራሱን ዝግጅት ሲያቀርብ፣ ስመ ጥር ዘፋኞች ለወዳጅነት ሲሉ በአነስተኛ ክፍያ እየመጡ ቢዘፍኑለትም፣ ስሙን ከአንድ ጥቁር ዘፋኝ ስም ጋር ለማያያዝ የደፈረ አገር አቀፍ ስፖንሰር ሳይገኝ በመቅረቱ ዝግጅቱ ተቋረጠ። የማስታወቂያ ገንዘብ ማን በመስኮቱ እንደሚታይና ማን እንደማይታይ ይወስን ነበር ቢባል እስማማለሁ። ገንዘቡ የሲናትራን አዘፋፈን አኮላሽቶታል ከተባለ ግን ያልተደረገ ነገር ነው የተነገረው።

ለመሆኑ ሲናትራ ወደ ቴሌቪዥን የመጣው በ1965 አይደለም። ከ1950 እስከ 1952 በሲቢኤስ፣ ከ1957 እስከ 1958 ደግሞ በኤቢሲ በስሙ የተሰየሙ ዝግጅቶች ነበሩት፤ ሁለቱም ብዙ አልዘለቁም። በ1960 የጸደይ ወራት ኤልቪስ ፕሬስሊ ከውትድርና ሲመለስ በማያሚ ቢች ተቀድቶ የተላለፈው ልዩ ዝግጅት ብዙ ተመልካች ቢያገኝም፣ ዛሬ በብዛት የሚነገርለት ለኤልቪስ በተከፈለው 125,000 ዶላርና ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዘፈን ተለዋውጠው በመዝፈናቸው ነው። እነዚያን ዝግጅቶች ጸሐፊው መሙያ ቢሏቸው ኖሮ እኔም ብዙ አልከራከርም ነበር፤ ቀልዱ፣ ጭውውቱና የእንግዳው ብዛት ዘፈኑን ወደ ጥግ ገፍቶታልና።

የ1965ቱ ዝግጅት ትልቅነት ይህን ሁሉ አንሥቶ ወደ ውጭ መጣሉ ላይ ነው። እንግዳ የለም፤ ጭፈራ የለም፤ ድራማ የለም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ የቀረው አንድ ሰው፣ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ተራ በተራ የሚመሩት ኔልሰን ሪድልና ጎርደን ጄንኪንስ፣ ቀጥሎም ዘፈን በዘፈን ላይ። ጣቢያው አብዛኞቹን የምሽት ዝግጅቶቹን ወደ ቀለም ባዞረበት ዓመት የቀረበ ስለሆነ ዘፋኙ የተሰለፈበት ቀላል መድረክ ዛሬም ዓይን ይስባል። ዝግጅቱ በቀጣዩ ዓመት በሙዚቃ ዘርፍ የኤሚ ሽልማትን፣ ከዚያም ሌላ የፒቦዲ ሽልማትን አግኝቷል፤ ሁለቱም በአሜሪካ ለላቀ የቴሌቪዥን ሥራ የሚሰጡ ታላላቅ ሽልማቶች ናቸው። ሽልማት ሁሉ ፍርድ ነው ባልልም፣ መሙያ ዝግጅት እነዚህን ሁለቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ማየት ግን ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ የጉንፋኑን ታሪክ ማንሣት ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እሱ ነው። ጌይ ታሊዝ የተባለው ጋዜጠኛ ስለ ሲናትራ እንዲጽፍ በኤስኳየር መጽሔት ተልኮ ነበር። ዘፋኙ ቃለ ምልልስ ሊሰጠው ፈቃደኛ ባለመሆኑ ጋዜጠኛው በዙሪያው ያሉትን ሰዎች እያነጋገረና ከሩቅ እየተመለከተ የጻፈው፣ በኤፕሪል 1966 የወጣውና ርእሱም ሲናትራ ጉንፋን እንደያዘው የሚናገረው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ይነበባል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የምናየው የዚህኑ የ1965 ዝግጅት ቀረጻ ነው። ኦርኬስትራው ተሰልፏል፤ ካሜራዎቹ ተደግነዋል፤ ስቱዲዮው ተይዟል፤ የሰው ሁሉ ዋጋ እየተቆጠረ ነው። ዘፋኙ ግን ድምፁ እንደ ልቡ አልታዘዝ ብሎታል። ጥቂት ከሞከረ በኋላ የተቀዳውን እንዲተዉት ተናግሮ ቀረጻውን አቋረጠ፤ ሥራውም ጉንፋኑ ለቆት በሌላ ቀን እንደገና ተጀመረ። ሰው የቢራ ማስታወቂያ መሀል ለሚሞላ ነገር እንዲህ አይጨነቅም። በዚያ ሰሞን ተመልካች ከነበሩት መካከል ያቺን የድምፅ መሻከር የሚያስተውል ስንት ይገኝ ነበር? እሱ ግን አስተውሏታል።

የሥራው ጥራት በዓይን የሚታየውም በእነዚህ ዝግጅቶች ነው። ከእኔ ጋር ሲናትራን የሚያዳምጥ አንድ የልብ ወዳጅ አለኝ፤ በወጣትነቱ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ዲስኩን ከፍተን ስንቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ነገር ድምፁን እንዳጠፋው ነው። ሌላ ሰው ቢያየን በጤናችን አይመስለውም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ድምፅ የሌለው ዘፋኝ ላይ አፍጥጠን እንቀመጣለን። ወዳጄ የሚያየው ትከሻውንና የአንገቱን ሥር ነው። አብዛኛው ዘፋኝ ረጅም ሐረግ ሊጀምር ሲል ትከሻው ከፍ ይላል፤ ደረቱ ይነፋል፤ ቢራቢሮ ከረባቱ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። የዚህ ሰው ግን ትከሻው ባለበት ነው። ከንፈሩ ቃሉን ጨርሶ ሊገጥም ሲል በአፉ ጥግ በኩል የክር ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ወዳጄ ያኔ ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀስሮ «እየው፣ አሁን ሰረቃት!» ይለኛል፤ ትንፋሿን ማለቱ ነው። ከዚያ መልሰን ድምፁን ከፍተን እናዳምጠዋለን፤ ሌላው ዘፋኝ ሁለት ቦታ የሚቆርጠውን ሐረግ ሲናትራ ሳይቆርጠው አልፎ ወደሚቀጥለው ስንኝ ተሻግሯል።

ይህን ያስተማረው ትሮምቦን መሆኑን ስነግረው ወዳጄ የተሰማውን ኩራት መግለጽ አልችልም። ሲናትራ ከ1940 እስከ 1942 በቶሚ ዶርሲ ባንድ ውስጥ ሲዘፍን፣ ዶርሲ ትሮምቦኑን እየነፋ ትንፋሽ የሚወስድበትን ጊዜ ለማግኘት ከኋላው ተቀምጦ ጀርባውን ይመለከት ነበር። ኮቱ እንኳ ሲንቀሳቀስ አላየም። በኋላ እንደደረሰበት ዶርሲ በአፉ ጥግ በኩል ሾልኮ የሚገባ አየር ይወስድ ነበር። ሲናትራም ይህንኑ ለድምፅ አዋለው፤ ሳንባውን ለማስፋትም በውኃ ውስጥ እየዋኘ ይለማመድ ነበር። ይህ ታሪክ በመጽሐፍም በቃለ ምልልስም የተነገረ ስለሆነ አዲስ አይደለም። ሸክላው ግን ውጤቱን ብቻ ነው የሚያሰማን፤ ስርቆቱን የሚያሳየን ካሜራው ነው።

ስለ ማይክሮፎኑም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ክሩነር የሚለውን ቃል ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው ዘፋኝ ብለው ተርጉመውታል፤ አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ቃሉ ከመሣሪያው ተነጥሎ ሊተረጎም አይችልም። ማይክሮፎን ከመምጣቱ በፊት አንድ ዘፋኝ አዳራሹን በጉልበቱ መሙላት ነበረበት። ማይክሮፎን ከመጣ በኋላ ግን በለሆሳስ የተባለ ቃል መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጆሮ ይደርስ ጀመር፤ ቢንግ ክሮዝቢና ከእሱ በኋላ የመጡትም የተወለዱት ከዚህ ነው። ክሮዝቢ በሬዲዮ ሁልጊዜ በቀጥታ ስርጭት መዝፈኑ ስለሰለቸው ከ1947 ጀምሮ ዝግጅቱን በማግኔት ቴፕ ላይ እየቀዳ ማስተላለፍ ጀመረ፤ የቴፕ መቅጃ መሣሪያ ለሚሠራው ለአምፔክስ ኩባንያም 50,000 ዶላር ሰጠ። ይኸው ኩባንያ በ1956 ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሆን የምስል መቅጃ አወጣ። እኛ ዛሬ የምናያቸው ኮንሰርቶች የተቀዱበት ጥበብ ከአንድ ክሩነር ስንፍና ተነሣ ብል አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል፤ ቢሆንም ከእውነት ብዙ አልራቅሁም።

ሲናትራ በእነዚህ ዝግጅቶች ማይክሮፎኑን እንዴት እንደሚይዝ ልብ ብሎ ለተመለከተ አንድ ሙሉ ትምህርት ነው። ፊደሉ ከከንፈር ፈንድቶ የሚወጣ ሲሆን ማይክሮፎኑን በጣት ስፋት ያህል ያርቀዋል፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ ወደ አፉ ያስጠጋዋል፤ የናስ መሣሪያዎቹ ሲነሡ ደግሞ ክንዱን ዘርግቶ ከነሱ ጋር ይታገላል። ሌላው ቀርቶ ገመዱን በግራ እጁ የሚጠቀልልበትና የሚለቅበት መንገድ ምት አለው። በፕሌይባክ እያስመሰሉ መዝፈን በተለመደበት ዘመን ላደገ ተመልካች ይህን ማሳየት ብዙ ከመናገር ይሻላል።

ከሁሉም አስበልጬ የምወደው የኖቬምበር 13 ቀን 1967ቱን ነው። በዚህ ዝግጅት የጃዝ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድና ብራዚላዊው የዘፈን ደራሲ አንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም እንግዶች ሆነው ቀርበዋል። ከኤላ ጋር በመጨረሻ የሚዘፍኑትን ስሰማ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድነት አልበም ሳይሠሩ ነው ሁለቱም ያለፉት። ስለዚህ አብረው ሲዘፍኑ መስማት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ሸክላ መደርደሪያ ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ኤላ ስትጫወት ሲናትራ በፊቱ ላይ የሚታየው ነገር የአስተናጋጅ ፈገግታ አይደለም፤ ከሱ የሚበልጥ ሰው አጠገቡ መቆሙን የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄ ነው።

የጆቢም ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በክላውስ ኦገርማን አቀናባሪነት፣ አልበማቸውን በ3 ቀናት ቀድተው ጨርሰዋል። በቴሌቪዥኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናያቸዋለን፤ ጆቢም፣ በሙያው ይበልጡን ፒያኖ ተጫዋች ቢሆንም፣ ጊታሩን አቅፏል፤ ሲናትራ በጣቶቹ መካከል ሲጋራ ይዟል። አራት ዘፈኖች ሳይቋረጡ ተያይዘው ይቀርባሉ። ከአራቱ ሁለቱ የጆቢም ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የኢርቪንግ በርሊንና የኮል ፖርተር ሆነው በብራዚል ምት ተቃኝተዋል። ያ በአዳራሽ ሙሉ ናስ ላይ ይሰለጥን የነበረ ድምፅ እዚህ ላይ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ አባት ድምፅ ይሆናል። ጆቢም በፖርቱጋልኛ ከሥር ሲገባ ሲናትራ ድምፁን የበለጠ ዝቅ አድርጎ ቦታ ይለቅለታል። ከሙሉ ዝግጅቱ ውስጥ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ የዚህ ሰው ጥበብ ምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሰው የማሳየውም እነዚህኑ ደቂቃዎች ነው።

ሁሉም ዝግጅት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በ1966 ከልጁ ከናንሲ ጋር የቀረበው ሁለተኛው ክፍል ደስ ይላል እንጂ ከመጀመሪያው አይደርስም። በ1968 ከዳያን ካሮልና ከፊፍዝ ዳይሜንሽን ቡድን ጋር የሠራው ላይ የዘመኑን ወጣቶች ሙዚቃ ሊቀላቀል ሲሞክር በሰው ሠርግ ላይ የሚጨፍር አጎት ይመስላል፤ አፍቃሪው ነኝና ይቅር እለዋለሁ። የ1969ኙ ብቻውን የሚታይበት ነው፤ የተረጋጋና ጥሩ። ጁን 1971 በሎስ አንጀለስ መድረክ ተሰናብቶ ዘፈን አቁሜያለሁ ካለ በኋላ በኖቬምበር 1973 ተመልሶ የመጣውም በዚሁ በቴሌቪዥን በኩል ነው፤ በ1940ዎቹ በፊልም አብረው የጨፈሩት ጂን ኬሊም እንግዳው ነበር። ሁለቱ ያረጁ ወዳጆች የጉልበታቸውን ነገር ሳይደብቁ አብረው ሲታዩ ፈገግ የማይል ሰው ጥርስ የለውም።

ኦክቶበር 13 ቀን 1974 ከኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በኤቢሲ ቀጥታ የተላለፈው ግን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። መድረኩ የቦክስ ሜዳ ተመስሎ በአዳራሹ መሀል ተሠርቷል፤ አስተዋዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛው ሃዋርድ ኮሴል ነው፤ የውዲ ኸርማን ባንድ ያጅባል፤ ዘፋኙም እንደ ቡጢኛ በሰው መሀል ሰንጥቆ ይገባል። ድምፁ በዚያ ምሽት ደክሟል፤ ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ ሲቧጥጥ ይሰማል። በዝግጅቱ ስም የወጣው አልበም በዚያ ወር ከተካሄዱ የተለያዩ ምሽቶች ተመርጦ የተቀናበረ በመሆኑ ይህን ድካም በብዛት ሸፍኖታል። እኔ የምመርጠው ቴሌቪዥኑን ነው። አራቱም ማዕዘን ተመልካች የሞላበት መድረክ ላይ ዞር ብሎ ጉሮሮ የሚጠርግበት ጓዳ የለም፤ ኖታው አልመጣ ሲለው ቃሉን በንግግር ጥሎት ሲያልፍ፣ ቀጥሎም በሚቀጥለው ስንኝ ላይ ሲክሰው፣ የሠላሳ ዓመት ልምድ ምን እንደሚሠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከተቃውሞዬ ቀጥሎ ልመናዬ ይህ ነው። በቅርቡ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቀድሞ ዘፋኞችን መታሰቢያ ሲያቀርብ ከ1967ቱ ዝግጅት የጆቢምን ክፍል አስገብቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ወዳጄን ስልክ ደውዬ ጠራሁት። እሱ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ አራቱ ዘፈኖች ከተያያዙበት መሀል በዓለም ሁሉ የታወቀው አንዱ ብቻ ተቆርጦ ቀርቦ አለቀ፤ በላዩ ላይ አቅራቢው ይናገርበታል፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይሮጥበታል። ያቺ ዘፈን እንዲያ ቀዝቅዛ የምትጀምረው ከሷ በፊት የነበሩት ሦስቱ እያወረዱ እያወረዱ ስላመጧት መሆኑን ያላየ ሰው ምን ተረዳ ይባላል? ዝግጅቶቹ በ2010 በ7 ዲቪዲዎች ተሰብስበው ወጥተዋል፤ ሙሉውን አግኝቶ ማየት ለሚፈልግ መንገዱ አልተዘጋም። ጋዜጣችሁም ወደፊት ስለ እነዚህ ሥራዎች ሲጽፍ፣ ጸሐፊው ቢያንስ የ1965ቱንና የ1967ቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ ተመልክተው እንዲጽፉ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ በኋላም መሙያ ናቸው ካሉ ፍርዳቸውን አከብራለሁ።

አንድ ትንሽ እርማት ቀርታኛለች። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ሥር የ1965ቱ ዝግጅት ነው የሚል መግለጫ ተጽፏል፤ ከሲናትራ ጎን ጊታር ይዞ የተቀመጠውም የአጃቢው ኦርኬስትራ አባል ተብሏል። በ1965ቱ ዝግጅት ላይ እንግዳ አልነበረም። ፎቶው የ1967ቱ ነው፤ ሰውዬውም አንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በዚያው ገጽ ላይ ማስተካከያ ብታወጡለት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ